ከጥራጊ የወጣችው ዶቃ

እትዬ፣ የዛሬን ብቻ እመኚኝ፤ እማዬ ትሙት እውነቴን ነው። ሰላምታ ሳላስቀድም የጀመርኩት ጭንቅ ይዞኝ ነው እንጂ አስተዳደግ ጠፍቶኝ አይደለም። እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የእማዬ ጉልበትስ፣ የባልሽ የጋሼ ሳልስ? ከሁሉ ከሁሉ ልጅሽ ሚጢ እንዴት ናት፣ አተኩሷት ነበር ወይ፣ ምግብ ትበላለች ወይ? እኔ በሕይወት አለሁ፣ ደህና ነኝ ግን አልልሽም።

ስልኬን ለምን እንደማታነሺ አውቃለሁ። ያኔ ናፍቆት ሲያንገበግበኝ ታምሜ ልሞት ነው ብዬሽ፣ ሚጢን አዝለሽ ግማሽ ቀን በአውቶቡስ ተንገላተሽ ስትመጪ ልብስ ሳጥብ አገኘሽኝ። "ሁለተኛ እህት አለችኝ ብለሽ እንዳትደውይ" ብለሽኝ ሄድሽ። እውነትሽን ነው፤ ጅብ ሳይመጣ ጅብ መጣ ብዬ ጮኼብሻለሁ። አሁን ግን ጅቡ መጣ እትዬ።

ባለፈው ሳምንት በአውቶቡሱ ሹፌር የላኩላትን ሰማያዊ ዶቃ ከሚጢ አንገት ላይ አሁኑኑ አውልቂ። መጀመሪያ አውልቂ፣ ከዚያ ተመልሰሽ አንብቢ።

የማጸዳበት ክፍል የጥንት ሰው አጥንትና ዕቃ እየቆፈሩ፣ የሰውን አኗኗርም እየጠየቁ የሚያጠኑበት የዩኒቨርሲቲ ክፍል ነው ብዬሽ የለ። ሰሞኑን እንግዳ አስተማሪዎች ከውጭ እየመጡ ሌክቸር ይሰጣሉ። አንዱ መጣና "ሰውን ለማወቅ አብሮት ቁጭ ማለት፣ ስሙን መጠየቅ፣ ሲናገር መስማት ነው" ሲል አንጀቴን በላው። ሲወጣ ገና ያጠብኩትን ወለል በጭቃ ጫማው ረግጦ አለፈኝ፣ እንደ በር እጀታ እንኳ አልቆጠረኝም። የበር እጀታ እኮ ቢያንስ ይጨበጣል።

ከሱ ቀጥሎ የመጣችው ሴትዮ የቁፋሮ አስተማሪ ናት። በመጀመሪያው ቀን ዕቃዎቹን ትሪ ላይ ደርድራ አሳየች፣ ተማሪው እየተጋፋ አየ። ሲወጡ ስጠርግ ከወንበር ሥር ዶቃዋ ከአቧራው ጋር ወጣች። ስቀጠር የጽዳት አለቃችን የነገረችኝ ሕግ አለ፣ "ከመጥረጊያ ጋር የወጣ የጠራጊ ነው" የሚል። እስክሪብቶም ይሁን አዝራር፣ የጸጉር ማስያዣም ይሁን፣ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንወስደው። እኔም ከአንዷ ተማሪ አንገት የተበጠሰች ርካሽ ዶቃ መስላኝ በሳሙና አጥቤ፣ ክር አስገብቼ ለሚጢ ላኩላት።

ትናንት ከኋላ መወልወያዬን ይዤ ቆሜ ሳለ፣ ሴትዮዋ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ በር የምታክል ዶቃ አወጣች። ጠርዟ ላይ ያለችውን ስብራት ሳይቀር አወቅኋት። "ይቺ የተገኘችው ከብዙ ሺ ዓመት በፊት ከሞተች ሕፃን አንገት ላይ ነው፣ እናቷ አስራላት ነው የቀበረቻት" ስትል ድምጿ ተቆራረጠ። እትዬ፣ የሙት ልጅ ዶቃ ነው ለልጅሽ የላኩት! ከትናንት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም።

ከዚያ "ዶቃዋ የለችም፤ ዓርብ ከሰዓት ከመሄዴ በፊት ካልተገኘች ፖሊስ ይጠራል፣ መቼም ተማሪዎቼ አይወስዱም" አለችና ወደኔ ዞረች። እዚህ ከመጣች ገና ያን ጊዜ አየችኝ፣ ያውም ሌባ አድርጋ።

አለቃችን ጋ ሮጥኩ። ከጥራጊ ነው ያገኘኋት፣ ሕጉን ያልሽኝ አንቺ ነሽ ብላት ዓይኗን በጨው አጥባ "እኔ? መቼ ወጣኝ?" አለችኝ። ጆሮዋ ላይ ያንጠለጠለችው ጉትቻ እኮ ከዚያው ከጥራጊ የወጣ ነው! "አስመጪና ጠረጴዛ ሥር ጣያት፣ ሌላ ሰው ያግኛት። አፍሽን ከከፈትሽ የሁላችንንም ጉሮሮ ትዘጊያለሽ" አለች።

እኔ ግን አልጥላትም። በእጄ ይዤ ሴትዮዋ ፊት ቆሜ እነግራታለሁ። ባዶ እጄን ከሄድኩ ግን ማን ይሰማኛል? ለሞተች ልጅ ሺ ዓመት ቆይተው ያለቅሳሉ፣ እኔን አንድ ቃል እስክጨርስ አይጠብቁኝም።

ይሄን ደብዳቤ የያዘው ሹፌር ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ እናንተ ጋ ይደርሳል፣ ነገ ንጋት ላይ ተነስቶ ስድስት ሰዓት እዚህ ነው። ዶቃዋን በጥጥ ጠቅልለሽ በእጁ ስጪው፣ ኪሱ እንዳትከቺ፣ ኪሱ ቀዳዳ ነው። ሚጢ አልሰጥም ብላ ብታለቅስ ታልቅስ፤ ሌላ እገዛላታለሁ፣ ከሱቅ፣ በገንዘቤ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፣ ይሄን ግን አትንገሪያት። ጋሼን እጅ ነስቻለሁ በይው። ቀበጡ ወንድማችንን ጆሮውን ቆንጥጪልኝ። ሚጢን አንገቷን አጥበሽ ሳሚልኝ፣ ዶቃዋ ያረፈችበት ላይ።

ስልኬ ደረቴ ውስጥ ነው። ሳይመሽ ደውይልኝ እትዬ። ስድቡ ይደርሳል፤ መጀመሪያ "አውልቄያታለሁ" በይኝ።

ታናሽሽ
ከመጥረጊያ ማስቀመጫው ክፍል፣ ባልዲ ላይ ተቀምጬ
ሐሙስ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል