አብርሃም ሣራን የቀበረበት አገር

ላምበረት፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 12 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለባየህ፣ ባለህበት በኢየሩሳሌም ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛን የእስራኤል አምላክ እስካሁን ጠብቆናል።

እናታችንን ቀብረን ሰባቱን የሐዘን ቀን ከተቀመጥን ወር አለፈ። አባታችን ደህና ናቸው። ጠዋት ወደ መቃብሩ በእግራቸው ይሄዱና ሲመሽ ይመለሳሉ። ዙሪያውን ድንጋይ ደርድረው ጨርሰዋል። አከራያችንንም ለአንድ ሰው የምትሆን ጠባብ ክፍል እንዳላት ጠይቀዋታል። እኔ ጓዛችንን ሁለት ጊዜ አስሬ ሁለት ጊዜ ፈታሁት።

እሑድ ዕለት የእኛ የቤተ እስራኤሎች ቄስ፣ ቄስ ይስሐቅ መጡ። ከአባታችን ጋር መሬት ላይ ብዙ ሰዓት ተቀመጡ። ኋላ፣ «አብርሃም ሣራን በእንግድነት አገር አልቅሶ ቀበራት፤ ከዚያ ግን ተነሣ» አሏቸው።

«እሱም በመጨረሻ የተቀበረው ከእሷ ጎን ነው» አሉ አባታችን።

ቄሱ የአባታችንን እጅ ይዘው አብረዋቸው አለቀሱ። አባታችን ከቀብሩ ወዲህ ጠግበው የበሉት ያን ዕለት ነው።

ትናንት ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱትን ተጓዦች ስም የሚመዘግበው ሰው መጣ። «ስንት ናችሁ?» ሲል አባታችን ቀድመው «አንድ፤ እሷ ናት» አሉት። እኔ «ሁለት» አልኩ። ሰውዬው እስክሪብቶውን እንደያዘ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። «ተነጋገሩ፤ ወሩ ሲያልቅ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ።

ባየህ፣ ለአባታችን በራስህ እጅ ጻፍላቸው። የልጆችህን መልክ ንገራቸው። አታዘግየው።

አምላካችን በሰላም ያገናኘን። አባታችን ስለ ልጆችህ፣ «በእኔ ፈንታ አንቺ ሳሚልኝ» ብለውኛል።

እህትህ የዝና