ድንበሬ ሲገፋ ድምፀ ተአቅቦ ላደረጉልኝ ለአቶ ደግሰው

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ደግሰው፣ የብልባላ የዓለም አቀፍ ጉዳዮች መወያያ ማኅበር ሰብሳቢ፣ ባሉበት።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ መሬቴ ከማነሱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። በየረቡዑ ስለ ዓለም ሰላም ሲናገሩ ጉሮሮዎ እንደሚደክም ስለማውቅ፣ የቅዱሳን አምላክ እንዲጠብቅልዎ ሳልለምን የዋልኩበት ቀን የለም። ይህን ደብዳቤ አሽጌ በሰው እጅ መላክ ሲገባኝ በቀበሌው አዳራሽ በር ላይ መለጠፌን በትልቅ ትዕግሥት እንዲያልፉልኝ እጠይቃለሁ፤ በድብቅ የሚደረግ ነገር የሕዝቦች ጠላት ነው ብሎ ያስተማረኝ ማኅበራችን ነውና።

አስቀድሜ ላመስግን። ማኅበራችን ከተቋቋመ ወዲህ ጽዋ ከቤት ቤት እንደሚዞረው ሁሉ አገሮችም ከቤት ቤት ሲዞሩልን ኖረዋል፤ ተራ የደረሰው ሰው ጠላውን ጠምቆ፣ ዳቦውን ደፍቶ፣ በዕጣ ስለደረሰው አገር ከሬዲዮ የሰማውን ለጉባኤው ያስረዳል። ለእኔ ኖርዌይ ደርሳኝ ያለኝን ሁሉ አውጥቼ አስተናገድኳት። እናንተም ጋኑ እስኪነጥፍ ጠጥታችሁ ስታበቁ የኖርዌይ ሕዝብ እንግዳ ተቀባይ መሆኑን በአንድ ድምፅ መስክራችኋል። ስለዚያ ምስክርነታችሁ ዛሬም አመሰግናለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ አላገኘሁምና።

አሁን ቅሬታዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ባለፈው ግንቦት፣ በአንዱ ረቡዕ፣ እርስዎ ስለ ሁለት ሩቅ አገሮች የባሕር ወሰን በሰፊው እያስረዱን ሳለ፣ ጎረቤቴ ደሳለ በሬዎቹን ጠምዶ፣ የወሰኔን ድንጋይ ነቅሎ፣ የገብስ ማሳዬን መሃሉ ላይ እስከቆመው ግራር ድረስ አረሰው። ደሳለ የማኅበራችን አባል አይደለም፤ ሥራ ይበዛበታል። ያቺ ማሳ የዓመት ቀለቤ ናት። ባለቤቴ አረጋ ካረፈ ወዲህ በእኩል እያሳረስኩ፣ ግማሹን ለአራሹ ሰጥቼ በቀረው ነው ልጆቼን የማሳድረው። አሁን የተረፈችው ቁራሽ ለሁለት የምትካፈል አይደለችም ብሎ አራሹም ትቶኛል።

፪. እንደ አገራችን ወግ ኡኡ ብዬ ጮኽኩ። ዱሮ አንዲት ሴት ኡኡ ስትል ዱላ የያዘውም መስቀል የያዘውም የጀመረውን ጥሎ ይሮጥ ነበር። ማኅበራችን ግን አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ መግለጫ አወጣ። «የተፈጠረው ሁኔታ በእጅጉ ያሳስበናል፤ ሁለቱም ወገኖች ከጠብ አጫሪ ድርጊት እንዲቆጠቡ እንጠይቃለን» ይላል። ሁለቱም ወገኖች! እኔ ምን ጠብ አጭሬ እንደሆነ ብጠይቅ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ መጮኼ መሆኑን ጸሐፊያችን አቶ ወልደ ሩፋኤል በትሕትና አስረድተውኛል። እንግዲያውስ ሽማግሌ ሆናችሁ አስታርቁን ብዬ ደጃችሁን ብጠና፣ በሰው የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ መግባት ከዓለም አቀፍ መርሕ ጋር ይጋጫል ተባልኩ። አባቶቻችን ዋርካ ሥር ተቀምጠው ስንቱን ባላንጣ ሲያስታርቁ ያን ሁሉ ዘመን መርሕ ሲጥሱ ኖረዋል ማለት ነው? ማኅበሩ ሲመቸው ይመልስልኝ።

፫. ይህኛውን በቁጥር ከሌሎቹ ጋር ማሰለፍ ይከብደኛል። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ወሰኑን የሚያውቁ ሰዎች ይመስክሩልሽ ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የሚያውቁት እርስዎ ነበሩና። ያንን ድንጋይ ከአረጋ ጋር ተጋግዘው የተከሉት እርስዎ ነዎት። የገመዱን አንድ ጫፍ የያዙት እርስዎ ነዎት። አረጋን ቀብረን ስንመለስ ትከሻዬን ይዘው «የሺ፣ አይዞሽ፤ አረጋ ቢሞት እኛ አልሞትን!» ያሉኝም እርስዎ ነዎት። በኮሚቴው ፊት ቆመው ድንጋዩ የት እንደነበር ሲጠየቁ ግን ጋቢዎን አስተካከሉና «ድምፀ ተአቅቦ አደርጋለሁ» አሉ። የኮሚቴው ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አብረው የተጠሩት የማኅበራችን አባላት አቶ ደባሱና አቶ ወርቅአገኘሁም ከእርስዎ ቀጥለው ያንኑ ደገሙት። ምስክር የለሽም ተብዬ እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ።

ደሳለን ፈርተው ከሆነ፣ የሺ ፈራሁ ቢሉኝ ይገባኝ ነበር፤ ሰው ይፈራል። እኔም እፈራዋለሁ። አንጀቴን የቆረጠው ፍርሃትዎን በዓለም አቀፍ መርሕ ጠቅልለው ማቅረብዎ ነው። ከደሳለ ድሮም የምጠብቀው አልነበረም። ከእርስዎ ግን ጠብቄ ነበር፤ ልጆቼንም አጎታችሁ አሉ፣ አይዟችሁ እያልኩ ነበር ያስተኛኋቸው። የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ እንዲሉ፣ የጎረቤት ድንበር ከባሕር ማዶው ድንበር እኩል ባይከበርልዎት አልፈርድብዎትም ልል ነበር። ዋሸሁ፤ እፈርድብዎታለሁ።

በቀረውስ ማኅበሩ ከእኔ የሚፈልገው ነገር ካለ፣ የጠላ ጋኔን ለተረኛው አውሼ ከአባልነት በክብር መሰናበቴን በዚህ አሳውቃለሁ። የሩቁን አገር ወሰን ሁሉ የሚያስከብሩበትን ዕድሜና ጉልበት ፈጣሪ እንዳይነሳዎ፣ ስብሰባዎም እንዳይጎድል እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የአረጋ ባለቤት የነበረችው፣
የሺሃረግ
ከብልባላ፣ ሰኔ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልለጥፈው ትናንት ረቡዕ ሆነ፤ ደሳለ በማሳው ላይኛው በኩል በሬ ጠምዶ አየሁት። በዚያ በኩል የሚዋሰነው ከእርስዎ የጤፍ ማሳ ጋር ነው። ድንጋዩን ሲነቅል ዐይኔ እያየ ዝም ማለት አልሆነልኝም፤ ትምህርትዎ አልዘለቀኝም መሰለኝ፣ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ኡኡ አልኩልዎ። ሁላችሁም ስብሰባ ላይ ስለነበራችሁ አንድም ሰው አልወጣም። ምስክር ካስፈለገዎ ቤቴ ይምጡ፤ ድንጋዩ የት እንደነበር እኔ እናገራለሁ።