የላክህልኝ መኪና

ውድ ሊቤ፣

እኔን ለመውሰድ የላክኸው የፖሊስ መኪና ዛሬ ጠዋት ተፍኪ ደርሷል። ይህን ደብዳቤ ይዞልህ የሚመለሰው እሱ ነው፤ እኔ ግን በውስጡ የለሁም። ሳትቆጣ እስከ መጨረሻው እንድታነበው እለምንሃለሁ።

ከሠልጣኞቼ አንዱ ከአምቡላንስ መውረዴን ከሩቅ አይቶ፣ ቡራዩ ድረስ በእግሩ መጥቶ መታገቴን እንደነገረህ ከመኪናው ሰዎች ሰማሁ። የነገረህ ያየውን ያህል ነው፤ ቀሪውን ከእኔ ስማ።

ሰበታ ላይ የአምቡላንስና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን የማሠለጥነው መብራት፣ ስልክና መንገድ በአንድ ጊዜ ሲቋረጡ ምን እንደሚያደርጉ መሆኑን ታውቃለህ። በልምምዱ ሦስቱንም የማቋርጠው እኔ ነበርኩ፤ የማስቀጥለውም እኔ። ረቡዕ ዕለት ግን ማንም ሳይጠይቀኝ ሁሉም ተቋረጡ። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን የተቆጡ ወጣቶች የጅማን መንገድ በድንጋይ ዘጉ፤ የመብራት ምሰሶ ወደቀ፤ ስልኩም ዝም አለ። ከሰዓት በኋላ ከተፍኪ ጤና ጣቢያ አንድ ሰው በፈረስ መጥቶ፣ በቀለች የምትባል ሴት ምጥ እንደጸናባትና ያለ ቀዶ ጥገና እንደማትተርፍ ነገረን።

ሾፌሩ ኩምሳ አምቡላንሱን አስነሳ፤ እኔም አብሬው ገባሁ። እንደ ሥልጠናው ሳይረኑን አስጮህኩ። በዚህ ሰሞን ሳይረን ለእነዚያ ወጣቶች "ወታደር መጣ" ማለት መሆኑን በየትኛውም ልምምዴ አላካተትኩትም ነበር። የፊት መስታወታችን ተሰበረ። ኩምሳ መሪውን እንደያዘ፣ "አጥፊው፣ እባክሽ" አለኝ።

ያሳለፉን ኦቦ ዱቤ ናቸው፤ በአካባቢው የሚከበሩ ሽማግሌ። እርጥብ ሳር ጨብጠው ከመኪናው ፊት ፊት በእግራቸው መሩን። ሳር በያዘ ሽማግሌ ላይ ድንጋይ የሚያነሳ አልነበረም። በቀለችን ከነርሷ ጋር ጭነን ስንመለስ ግን ወጣቶቹ እንደገና አስቆሙን።

"መምህርት፣ መኪናው ሲሄድ እናት ጭኖ፣ ሲመለስ ወታደር ጭኖ ነው አይደል?" አለ አንዱ።

ኦቦ ዱቤ ዋሱ እኔ ነኝ አሉ። ልጁ አንገቱን ደፋ።

"አንቱን እናምናለን፣ ኦቦ። መኪናው ግን የአንቱ ልጅ አይደለም።"

ተሳሳቁ። በቀለች ከውስጥ ስታቃስት ሳቁ ቆመ። ከብዙ ክርክር በኋላ የተስማሙት ይህን ነበር፦ አምቡላንሱ ይሄዳል፤ ወታደር ሳይጭን እስኪመለስ ድረስ እኔ በኦቦ ዱቤ ቤት እቆያለሁ። ከመኪናው ወረድኩ።

እስካሁን አልተመለሰም። ሰበታ ይድረስ፣ በቀለች ትትረፍ፣ አላውቅም። የተኛሁበት ቤት በር አይቆለፍም፤ ቢቆለፍ ይቀለኝ ነበር፤ የምቆጣው ሰው ይኖረኝ ነበርና። ወጣቶቹ ከደጃፉ አይርቁም። ወደ ጤና ጣቢያው ስሄድ ይከተሉኛል፣ ስመለስም እንዲሁ። ዛሬ ጠዋት ራህመት የምትባል መንታ ያረገዘች ሴት መጥታለች፤ የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል። እሷም ሰበታ መድረስ አለባት።

የላክኸው መኪና የደረሰው በዚህ መሃል ነው። ወጣቶቹ አልወረወሩም፤ ዙሪያውን ቆመው እኔን ያዩ ነበር። ኦቦ ዱቤ ፊታቸውን ወደ ማሳው አዙረው፣ በኦሮምኛ "ዴሚ" አሉኝ፤ "ሂጂ፣ ልጄ። የእኔን ነገር እኔ አውቃለሁ።"

የፖሊሶቹ አዛዥ ታግቼ እንደሆነ ጠየቀኝ።

"አልታገትኩም" አልኩት፤ "ቃል አለብኝ።"

እውነቱን ልንገርህ፣ ሊቤ፤ እግሬ ወደ መኪናው ሊሄድ ነበር። ብሄድ ግን አምቡላንሱ ዳግመኛ በዚህ መንገድ አያልፍም፤ ራህመትም እዚሁ ትቀራለች። የኦቦ ዱቤ ሳርም ከዚያ በኋላ የከብት መኖ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሌላ መኪና አትላክ። ይልቅ ይህ እንደደረሰህ ሰበታ ሂድና ኩምሳን ፈልገው፤ በእግርህም ቢሆን። መስታወቱ ባይጠገንም ይምጣ። ፖሊስ አያስከትል፤ ሳይረኑንም አያብራ።

ልጃችን ሞቲ ከጠየቀህ እናትህ ሥራ ላይ ናት በለው። ውሸት አይሆንብህም።

በሩ ከማይቆለፈው ቤት፣
አጸደ