ዓለም በአዴ ፋጡማ ሳሎን የጠፋበት ሳምንት

ሰኞ

እሳት የተነሳ መስሎን ግማሹ ሰፈር ባልዲ ይዞ አዴ ፋጡማ በር ላይ ደረሰ። እኔም ጫማዬን ሳላደርግ ሮጥኩ። እሳት የለም። የሚጮኸው ቴፕ ነው። ከጅቡቲ በባቡር ይዛው የመጣችው ኮምፒዩተር የሚባል ዕቃ ጨዋታውን ከካሴት ላይ ነው አሉ የሚያነበው። ሲያነብ ደግሞ ወጥመድ እንደያዘው ጅብ ያጓራል።

አዴ ፋጡማ በአንድ ግድግዳ የምንዋሰናት ጎረቤታችን ናት፤ ጨርቅ ነጋዴ። ዕቃውን የሰጠቻት ጅቡቲ ያለችው እህቷ ናት። ፈረንሳዮቹ አሠሪዎቿ አገራቸው ሲገቡ ትተውላት ነው። እሁድ ከአዲስ አበባ ገዢ ይመጣል፤ እስከዚያ «መሥራቱን ሳላይ ለሰው አልሸጥም» ብላለች። ጽሑፉ ሁሉ ፈረንሳይኛ ስለሆነ እኔ ተጠራሁ። በልጅነቴ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ሲስተሮቹ በማስመሪያ እየገረፉ ያስተማሩኝ ፈረንሳይኛ ለካ ለዚህ ቀን ኖሯል።

ቴሌቪዥኑ ላይ የወጣውን ጮክ ብዬ ተረጎምኩላቸው። ትልቅ ጦርነት ሆነ። ከተሞች ተቃጠሉ። ከምድር በላይ ያለው አየር መርዝ ሆነ። የተረፉት ሰዎች የባቡር ዋሻ ውስጥ ገብተው ይኖራሉ። ተጫዋቹ ጭንብል፣ ጠመንጃና ጥቂት ጥይት ይዞ ዋሻውን አቋርጦ ወደ ባሕሩ መድረስ አለበት። ንጹሕ አየር ያለው እዚያ ነው ይባላል።

«ባሕሩማ ጅቡቲ ነው» አለች አዴ ፋጡማ። «ትናንት ከዚያ አይደል የመጣሁት? ምን ንጹሕ አየር አለው፣ እሳት ነው እንጂ!»

መጀመሪያ የተቀመጠው የእህቷ ልጅ ኢብሮ ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ድምፁ እንደ መኪናው። ስዕሉ ምንም አይደለም፤ ጨለማና አንዲት ክብ ብርሃን። ድምፁ ግን! ሰውየው ጭንብሉ ውስጥ ሲተነፍስ ይሰማል። ከሩቅ አንድ ነገር ሐዲዱን ይቧጥጣል። ያ ሁሉ ሰው በታጨቀበት፣ ቬንትሌተሩ ሙቅ አየር በሚያመላልስበት ክፍል ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ኢብሮ ኮሽ ባለበት ሁሉ ተኮሰ። ጥይቱ አለቀ። አውሬው በላው። የደንገጎን ቁልቁለት ፍሬን በሌለው መኪና ወርጃለሁ እያለ የሚፎክር ሰው እንደ ሕፃን ጮኸ።

ሳቄ እስካሁን አልቆመም።

ማክሰኞ

ቢሮ የጻፍኩት ደብዳቤ ላይ «ማጣሪያ» የሚል ቃል ሁለት ቦታ ገብቶ ተገኘ። ጨዋታው ውስጥ የጭንብሉ ማጣሪያ ነው፤ ሲያልቅ ታፍነህ ትሞታለህ። ዋና ጸሐፊው ምንድነው ብሎ ጠየቀኝ። የጽሕፈት መኪናው ነው አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ በሚተኛበት ሰዓት የአዴ ፋጡማ ሳሎን ሙሉ ነው። አባባም መጣ። አባባ ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ዋሻ የሚል ቃል ሲሰማ ከአልጋው ተነሳ። ጥቂት አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ውሸት ነው። ሐዲድ እንዲህ አይታጠፍም። ይሄን ያህል ቢታጠፍ ባቡሩ ከነተሳፋሪው ግድግዳው ውስጥ ነው የሚገባው።»

«አቦ ጋሽ ታደሰ፣ ዓለም ጠፍቷል እኮ! ባቡር የለም!» አለ ኢብሮ።

«ዓለም ሳይጠፋ ነው የተሠራው አይደል? መሐንዲሱ ሰክሮ ነበር።»

የሰው አስተያየት ብዙ ነው። ኢብሮ ጥይቱ ያንሳል ይላል። አዴ ፋጡማ ጨዋታው ጥሩ ነው፣ ግን ሰውየው አይበላም አይጠጣም፤ አንዲት ሳምቡሳ እንኳ ሳይዝ ይሄን የሚያህል መንገድ ማን ይጀምራል? ትላለች። እኔ ትንፋሹን ወደድኩት። የማላውቀው ሰው ጎኔ ተቀምጦ የፈራ ይመስለኛል።

ማታ ይህን ሁሉ ለዮናስ ነገርኩት። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ከግንባር እግሩን ቆስሎ ከመጣ ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። አይጣላም፣ አያለቅስም፣ አያወራም። ዓርብ ሐረር ሆስፒታል የሐኪሞች ቦርድ ፊት መቅረብ አለበት። አልሄድም ብሏል። ካልቀረበ ደግሞ እንደ ከዳ ነው የሚቆጠረው፤ መጥተው ይወስዱታል። አባባ ለምኖታል፣ ተቆጥቶታል፣ አሁን ዝም ብሎታል። እኔ ሌሊት እየነቃሁ ትንፋሹን አዳምጣለሁ።

ወሬዬን ስጨርስ ዞር ሳይል ጠየቀ።

«ስንት ጥይት ይሰጡታል?»

መለስኩለት። ጠየቀ! ጠየቀ።

ረቡዕ

የቀበሌው ጓድ በላይነህ መጣ። ኢብሮ ኮምፒዩተሩ ላይ ሽርጥ ሊጥልበት ሲል እጁ ላይ ደረሰበት። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ የጭንብሉ ትንፋሽ ብቻ ኽ... ኽ... ይላል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጨዋታ ነው፣ የእህቴ ስጦታ» አለች አዴ ፋጡማ። «ቁጭ በል፣ ሻይ ጠጣ።»

«ይዘቱን ነው የምጠይቀው። ለሰፊው ሕዝብ ምን ያስተምራል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቴሌቪዥኑ ላይ የቀረችው አንዲት መስመር «የመጨረሻው ጣቢያ ሰዎች አብረው ይኖራሉ» ትላለች። እኔ «የመጨረሻው ጣቢያ ሰፊ ሕዝብ ተደራጅቶና ተባብሮ ይኖራል» ብዬ አነበብኩት። ትንሽ ነው የጨመርኩት። ጓድ በላይነህ ኮፍያውን አወለቀ።

«ለምርመራ ያህል ልየው» አለና ተቀመጠ።

ታፍኖ ሞተ። «አልገባኝም፣ ይደገም» አለ። ተበልቶ ሞተ። ይደገም። ሦስተኛው ላይ ኢብሮ ራሱን ረስቶ «ዋሪያ፣ በስተግራ! በስተግራ!» እያለ ትከሻውን ይደበድበው ጀመር። ጓድም «የቱ ነው ግራ?» እያለ ይጮኻል። ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ስለ ግራና ቀኝ ስንት ሰዓት ያስተማረን ሰው ነው! አዴ ፋጡማ እንባዋን በሻሿ ጠረገች።

ሲወጣ አስተያየቱን ሰጠ። «የድርጅት ችግር ነው። ሰውየው ብቻውን ባይወጣ ኖሮ አይሞትም ነበር።» ነገም ምርመራው እንደሚቀጥል አስታወቀ።

ቤት ስገባ ዮናስ ተቀምጧል። ተቀምጧል!

«በግድግዳው ተሰማኝ። ምን ሆናችሁ ነው የምትስቁት?»

ጓድን አስመስዬ ተጫወትኩለት። አልሳቀም፤ ግን ከንፈሩ አንድ ነገር ሊያደርግ ፈልጎ ነበር። ነገ ብትመጣስ አልኩት።

ሐሙስ

መጣ።

በክራንቹ፣ አባባ በገዛለት ሽርጥ፣ ጢሙን ተላጭቶ። አዴ ፋጡማ እንደ ሌላው ሰው አላዘነችለትም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «እዚያ ትራስ ላይ አረፍ በል፣ መተላለፊያ አትዝጋ» አለችው። እሱም አረፈ።

ኢብሮ ይጫወታል፤ ይተኩሳል፤ ይሳደባል። ዮናስ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ኢብሮ፣ ለምን ትተኩሳለህ? አውሬው አላየህም እኮ።»

«እንዴት አላየኝም? እየመጣ ነው!»

«የሚመጣው ስለተኮስክ ነው።»

ኢብሮ የመጫወቻውን እጀታ ሰጠው። ዮናስ ዋሻው ውስጥ ገብቶ ቆመ። ዝም ብሎ። መብራቱን አጠፋ፤ መብራቱ እንደሚጠፋ እንኳ አናውቅም ነበር። ጥቁር መስታወት ፊት ተቀምጠን አዳመጥን። መቧጠጡ ቀረበ። በጣም ቀረበ። ጓድ በላይነህ የአባባን ክንድ ይዞታል። ከዚያ ራቀ፣ ራቀ፣ ጠፋ። ዮናስ መብራቱን አብርቶ ሄደ። አንድ ጥይት ሳይተኩስ ማንም ያልደረሰበት ዋሻ ገባ። ሰፈሩ በጭብጨባ ተናጋ፤ ወላሂ! ወላሂ! ኢብሮ አናቱን ሳመው።

አዲሱ ዋሻ ውስጥ አንድ የቆሰለ ሰው ሐዲዱ ዳር ወድቋል። ጽሑፍ ወጣ። እኔም እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ፣ ደስታው ገና በድምፄ ውስጥ እንዳለ አነበብኩ፦ «ወንድሜ፣ አትተወኝ።»

ዮናስ እጀታውን አስቀመጠ። ክራንቹን ይዞ ወጣ።

ምነው ምላሴን በቆረጠው! ተከትዬው ሮጥኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ ወደ በሩ ነው። አባባም ከኋላዬ ገባ። ዮናስ ያን ጊዜ ነው የነገረን።

ሲመታ ከኮረብታው ተሸክሞ ያወረደው ገመቹ የሚባል የአርሲ ልጅ ነው። ከሌላ ሻምበል ነው፤ ከዚያ በፊት አይተዋወቁም። መንገዱን ሙሉ «ከባድ ነህ፣ እናትህ ምንድነው የምታበላህ?» እያለ እየቀለደ አወረደው። አስቀመጠውና ሌላ ሰው ሊያመጣ ተመልሶ ወጣ። ዮናስን መኪና ላይ ጫኑት። ገመቹ ሲወርድ አላየም።

«እሱ እዚያ ቀርቶ እኔ በቦርድ ከጦሩ ልወጣ ነው? ሄጄ ምን ልላቸው?»

አባባ አልጋው ላይ አጠገቡ ተቀመጠ። ከዚያ እንዲህ አለ።

«መሞቱን አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«የክፍላችሁ ቁስለኛ በየት ነው የሚያልፈው?»

«በሐረር ሆስፒታል።»

«እንግዲያው እዚያው ሄደህ አትጠይቅም? ግድግዳውን ስትጠይቅ ነው የከረምከው።»

ዮናስ አባባን አየው። ከዚያ «ሸሚዜ የት ነው?» አለ።

ዓርብ

በጠዋት በአውቶቡስ ሄዱ፤ አባባ መስኮት በኩል፣ ዮናስ እግሩን መተላለፊያው ላይ ዘርግቶ።

ቢሮ ምንም አልሠራሁም። ከሰዓት አዴ ፋጡማ ጋ ሄድኩ። ኮምፒዩተሩ ጠፍቷል። ኢብሮ ቢመጣም መክፈት አልፈለገም፤ «ዮናስ ሳይኖር ምን ያደርጋል» አለ። ጓድ በላይነህም መጥቶ ስለ ምርመራው ሳያነሳ ቁጭ አለ። የሆነ ሰው የሚጠበቅበት ቤት መሰልን። አዴ ፋጡማ አንዴ በአማርኛ አንዴ በኦሮምኛ ትጸልያለች። «በየትኛው እንደሚሰማ ስለማላውቅ» አለችኝ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የአውቶቡሱ ጡሩምባ ተሰማ። አባባ ቀድሞ ወረደ፤ ፊቱ በርቷል፤ ወደ አውቶቡሱ ሮጥኩ። ቦርዱ ለግንባር አይሆንም ብሎታል። እዚሁ ቅርብ ያለው ሁርሶ የጦር ማሠልጠኛ ግምጃ ቤት ተመድቧል፤ ባቡር ተሳፍሮ ቅዳሜና እሁድ ቤቱ ይመጣል። ወደፊት እንደገና ይመረምሩታል። የዚያን ጊዜ ምን ይሉ ይሆን? አላውቅም። ዛሬ አላስብበትም።

ዮናስ ግን ስለ ቦርዱ አንድ ቃል አላወራም። አዴ ፋጡማ በር ላይ ቆሞ ለሁሉም የተናገረው ሌላ ነው።

«ቁስል የምታጥብ ነርስ ታስታውሰዋለች! እጁን ተመትቶ እዚያው ተኝቶ ነበር። ክፍሉን በቀልድ ሲያውካቸው ከርሞ አሰላ ወደ እናቱ ሄደ አለች። ‹አንድ ከባድ የድሬዳዋ ልጅ ተሸክሜ ወገቤን አሞኛል› ይል ነበር አለች!»

ከዚያ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ጓድ በላይነህ ለምን እንደምንስቅ ሳይገባው አብሮን ሳቀ።

ቅዳሜ

የመጨረሻው ቀን። ሳሎኑ ጢም ብሎ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። ዮናስ እንደ ሐሙሱ በዝምታ አልፎ የቆሰለው ሰው ዘንድ ደረሰ። ኢብሮ «እለፈው፣ አየር ይጨርስብሃል» አለ። አዴ ፋጡማ በመፋቂያዋ ጀርባውን መታችው።

ዮናስ አነሳው። ሁለት ትንፋሽ ይሰማ ጀመር፤ አንዱ ከሌላው ቀድሞ። አየሩ በእጥፍ ያልቃል። ሰውየውም ከባድ ስለሆነ መሮጥ አይቻልም። ዋሻው ረጅም ነው። ከዚያ ከፊት አንዲት ነጭ ነጥብ ታየች፤ አደገች፤ «ብርሃን ነው!» ብሎ ጓድ በላይነህ ከወንበሩ ተነሳ፤ እና—

መብራት ሄደ። የሰፈሩ በሙሉ።

እንዲህ ያለ ጩኸት ድሬ ሰምታ አታውቅም። ካሴቱ ደግሞ የነበረበትን አያስታውስም፤ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ኢብሮ መብራት ኃይልን በሚያውቀው ቋንቋ ሁሉ ሰደበ። ዮናስ ግን እጀታውን ይዞ እንደተቀመጠ «አውጥቼዋለሁ። ብርሃኑ ላይ ደርሰናል። በቃ» አለ።

ግቢ ወጥተን ጨዋታው እንዴት እንደሚያልቅ ተከራከርን። ኢብሮ ባሕሩ ላይ ትልቅ አውሬ ይጠብቃል ይላል። ጓድ በላይነህ የተደራጀ ከተማ አለ ይላል። አባባ ጣቢያ ነው፤ ባቡር ቆሟል፤ ሐዲዱም ቀጥ ያለ ነው ይላል። አዴ ፋጡማ ምሳ ነው የሚጠብቃቸው አለች። መብራቱ ሲመጣ ማንም ሊከፍተው አልተነሳም።

እሁድ

ገዢው መጣ፤ ጨዋ የአዲስ አበባ ሰው፣ ክራቫቱ በሙቀቱ ተጣብቆበታል። «ጨዋታው ጥሩ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ያን መጠየቁ ስህተት ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ አወሩ። ዋሻው ውሸት ነው፤ ግን ያስፈራል፤ ጥይቱ ያንሳል፤ አያንስም አንተ ታባክናለህ፤ ለሰፊው ሕዝብ ጠቃሚ ነው፤ ሰውየው ምግብ የለውም። ገዢው ሊሞክረው ተቀመጠና ከአውሬው ሲሸሽ የአዲስ አበባው ባቡር አመለጠው። አዴ ፋጡማ ጋ አድሮ ነገ ይሄዳል። አሁንም እየሞተ ነው፤ ኢብሮ በግድግዳው በኩል «በስተግራ!» ሲል ይሰማኛል።

ዮናስ ለገመቹ ምን ብዬ ልጻፍ ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ አሰላ ብቻ ብሎ ደብዳቤ ይደርስ እንደሆነ አናውቅም። ሁርሶ ማክሰኞ ይጀምራል። እፈራለሁ፤ አልፈራም አልልም። ግን አሁን ዮናስ ጋሪ በር ላይ አቁሞ ስሜን እየጠራ ነው። የከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ነፋስ አለ፣ ተነሺ፣ ፈረሱ ሰለቸው ይላል። እኔ የምጽፈውን ልጨርስ ስል ጋሪ ነጂውም መጥራት ጀመረ።

መጣሁ አልኳቸው።