ፊሽካዋ መሳቢያዎ ውስጥ ናት

ለተከበሩ የከተማችን የወጣቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ሰሞኑን ደረጃ ሲወጡ ሲያስቸግርዎ ያየሁት ቀኝ ጉልበትዎ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ጡረታ የወጣሁ ግንበኛ ነኝ። የስካውት ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡበትን ግቢ ከበላዩ ካለው የኮረብታ አፈር የሚጠብቀውን የድንጋይ ግንብ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ከሠራነው ስድስት ሰዎች መካከል በሕይወት የቀረሁት እኔ ብቻ ስሆን፣ የልጄ ልጅ ደግሞ ከሃያ ሦስቱ ስካውቶች አንዷ ናት። በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ልጆቹ በዚያው ግንብ ሥር ተሰልፈው እንግዶችዎን እንዲቀበሉ ማዘዝዎን ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስላነበብሁ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ። ከቢሮዎ በር ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁና፣ አደባባይ ቢያንስ ወረፋ የለውም።

አንደኛ፦ አምና ግቢው ይመር ብለው ግንቡን ስላስለሰኑልን እጅ እነሣለሁ። ከግንቡ እግር አጠገብ በየሁለት እርምጃው የነበሩት ቀዳዳዎች ዓይን ያስቀይማሉ ተብሎ አንድ ሳይቀር በሲሚንቶ ተደፈኑ። እነዚያን ቀዳዳዎች የተውናቸው ድንጋይ አንሶን ሳይሆን፣ ከኋላ ያለው አፈር የጠጣውን ውሃ እንዲተፋባቸው መሆኑን ከሠራተኞችዎ አንዱ እንኳ ሊጠይቀኝ ቢመጣ በነገርሁት ነበር፤ ቤቴ ከግቢው በር ፊት ለፊት ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል። የእርስዎ ሰዎች ውሃውን ከሥሩ ዘግተው ነገሩን ከላይ ለሰኑት፤ ከዚያ ወዲህ ግንቡ የዘነበውን ሁሉ እንደ ቂም ይዞ ያስቀምጣል።

ሁለተኛ፦ ስለ ዘበኛዋ። የልጄ ልጅ ከሦስት ወር በፊት ከስብሰባቸው መጥታ «አባባ፣ ግንብ ያብጣል እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ ሳቅሁባት። በማግሥቱ ሄጄ አየሁት፤ ያን ጊዜ አልሳቅሁም። ግንቡ መኻሉ ላይ ሆዱን ገፍቷል፤ ከላይ እስከ ታች ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ወጥቶበታል። ለልጆቹም ድሮ እኛ እናደርግ እንደ ነበረው ስስ የመስታወት ቁራጭ በስንጥቁ ላይ አጋድመው ሁለት ጫፏን በሲሚንቶ እንዲያጣብቁ አሳየኋቸው፤ ግንቡ ከተነቃነቀ መስታወቷ ትሰበራለች። ልጆቹ «ዘበኛዋ» ብለው ስም አወጡላትና በየተራ እያዩ በደብተር ይመዘግቡ ጀመር። የመጀመሪያዋ ዘበኛ አምስት ሳምንት ቆየች። ሁለተኛዋ ሁለት ሳምንት ቆየች። ሦስተኛዋ በአራተኛው ቀን ተሰበረች።

ሦስተኛዋን በመሐረብ ጠቅልዬ ባለፈው ማክሰኞ ይዤልዎ መጣሁ። ጸሐፊዎ፣ ጨዋ ልጅ ናት፣ ወንበር እንኳ ሰጥታኛለች፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ስለሆኑ አስተያየት መስጫው ሣጥን ውስጥ ክተቱት አለችኝ። ከተትሁት። መልሱም በማግሥቱ ስለ ደረሰ ስለ ፍጥነትዎ ሳላመሰግን አላልፍም፦ ረቡዕ ዕለት ሁለት ቀለም ቀቢዎች መጥተው ስንጥቁን በጀሶ ሞልተው፣ ግንቡን ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ቀብተውት ሄዱ። አሁን ሌሎቹ ወላጆች አዲሱን ቀለም እያዩ «ታድሶ የለም እንዴ፣ ደግሞ ምን ቀረዎት?» ይሉኛል።

ሦስተኛ፦ ስለ እትዬ ቀጥ በሉ። ልጆቹ በዚህ ስም የሚጠሯት መሪያቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ የአንገት ሻርፓቸውን ሁሉ የሰፋችላቸው እሷ ናት። ደብተሩን ካየች በኋላ ልጆቹን ከግንቡ ሥር አላሰልፍም ብላ ሰልፉን ወደ አጥሩ ስላዞረች፣ «መመሪያ በመጣስና ሽብር በመንዛት» ከመሪነት ታግዳለች፤ ወደ ግቢው እንዳትገባም በደብዳቤ ተነግሯታል። በምትኳ ከቢሮዎ የላኩልን ወጣት መልካም ሰው ነው፤ ከሩቅ ሰላም ይላል፤ ልጆቹን ግን በስም አያውቃቸውም።

አራተኛ፣ ዋናውም ይህ ነው፦ ስለ ፊሽካዋ። ከመሪያቸው ላይ በንብረት ርክክብ ቅጽ አንድ ሰንደቅ፣ አንድ ገመድና አንድ የነሐስ ፊሽካ ተረክበዋል። እርስዎ ያችን ፊሽካ ንብረት አድርገው ቆጥረዋት ይሆናል። ለልጆቹ ግን መፈቻ ናት። ከዓመታት በፊት በእግር ጉዞ ላይ አንድ ልጅ ከቆመበት ተነሥቶ ጫካ ውስጥ ጠፍቶ ቀኑን ሙሉ ሲፈለግ ከዋለ ወዲህ፣ በዚህ ቡድን አንድ ደንብ አለ፤ ስካውት በቦታው ከቆመ ያች ፊሽካ ሦስት ጊዜ ሳትነፋ አይነቃነቅም። ትንንሾቹ እጃቸውን አንሥተው ከሚምሉት መሐላ ይልቅ ይህን ያከብራሉ።

ማስረጃ ቢሉኝ ሩቅ አልሄድም። ባለፈው ወር ልጆቹ በዋናው መንገድ ዳር እንግዳ ሊቀበሉ እንደ ቆሙ መሪያቸውን ወደ ቢሮዎ አስጠርተው ስለ ሰዓት አክባሪነት ሁለት ሰዓት ሙሉ አወያዩዋት። ዝናቡ መጣ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት በሩን ከፍቶ «ኧረ ግቡ እናንተ ልጆች፣ በሞቴ!» እያለ ጮኸ፤ ማንም አልገባም። መሪያቸው እየሮጠች መጥታ እስክትነፋ ድረስ ሃያ ሦስቱም እንደ ቆሙ ነበሩ። የልጄ ልጅ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ቤት ስትገባ ምን ነካሽ ብዬ ብቆጣት የመለሰችልኝ አንድ ቃል ነው፦ «አባባ፣ ፊሽካው አልተነፋማ።»

ይባስ ብዬ ባለፈው ቅዳሜ ከሰፈሩ የኳስ ዳኛ ፊሽካ ተውሼ፣ በግቢው በር ቆሜ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሦስት ጊዜ ነፋሁ። ልጆቹ በአክብሮት ዞር ብለው አዩኝ። አንዷ ፈገግ አለችልኝ። ከግንቡ ሥር ግን አንድም እግር አልተነሣም፤ የኳሷ ፊሽካ ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ የእነሱን ያውቁታል። የተነሡት ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ከቢሮዎ የላኩት ወጣት ፊሽካዋን ከመሳቢያዎ አስፈቅዶ አምጥቶ ሲነፋ ነው፤ ወዲያውም ወደ መሳቢያዎ ተመለሰች።

አምስተኛ ብዬ ስለ ግቢው የመጸዳጃ ቤት በር ልጽፍ ጀምሬ ነበር፤ ተውሁት። በሩ ቢወድቅ ማንንም አይገድልም።

ክቡርነትዎ፣ እስካሁን በቀልድ አለዝቤ የጻፍሁት ፈርቼ ነው። በዚህ ሳምንት ሦስት ቀን ዘንቧል። ትናንት ማለዳ ጆሮዬን ከቢጫው ቀለም ላይ ለጥፌ ባዳምጥ፣ ከውስጥ ጠጠር ሲንሸራተት ሰማሁ፤ ጥቂት፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ደግሞ ጥቂት። ድንጋዮቹን እኔ ነኝ የደረደርኋቸው፤ ሲከፋቸው አውቃለሁ። የልጄን ልጅ ቤት ላስቀራት ብዬ ነበር፤ እሷ ግን «እኔ ብቀር ሃያ ሁለቱስ?» አለችኝ። ስለዚህ እሷ ወደደችም ጠላችም እቤት ተቆልፎባት ትውላለች፤ በሰልፉ ውስጥ የእሷን ቦታ የምይዘው እኔ ነኝ። ከግራ አራተኛው ነው፤ ከጀሶው ፊት ለፊት።

የምለምነው ሰፊ ነገር አይደለም። ሰልፉን ወደ አጥሩ ያዙሩልን። ይህ ክብርዎን የሚነካ ከሆነ ፊሽካዋን ለባለቤቷ ይመልሱላትና በበሩ በኩል ትቁም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ይህን ካደረጉ፣ ከአደጋ በኋላ ለሚቋቋም አጣሪ ኮሚቴ ሻይ የሚያፈላ ሰው መፈለግ እንኳ አይቸግርዎትም።

ቀለሙን ስላሳመሩልን፣ አስተያየታችንን በሣጥን ስላስቀመጡልን፣ ልጆቻችንንም እንዲህ ባለ ታዛዥነት ስለሚተማመኑባቸው ከልብ እያመሰገንሁ፣

እጅግ አክባሪዎ፣
ግንቡን በእጁ የሠራው፣ ቅዳሜ ጠዋት በጀርባው ሊደግፈው የሚመጣው ሽማግሌ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ የተሻሻለው የቅዳሜ መርሐ ግብር በሰሌዳው ላይ ተለጥፎ አየሁ። የእርስዎና የእንግዶችዎ ወንበሮች በፊተኛው መርሐ ግብር ላይ ከግንቡ ሥር፣ ከልጆቹ ጎን ነበሩ፤ አሁን «ለፀሐይ መከላከያ ሲባል» ወደ ማዶው አጥር ተዛውረዋል። ግንቡ ግን ያለው በምሥራቅ በኩል ነው፤ በጠዋቱ ሦስት ሰዓት በዚያ ግቢ ጥላ ያለው ከግንቡ ሥር ብቻ ሲሆን፣ ማዶው ላይ ፀሐይ ዓይን ታጠፋለች። ማሻሻያው የተፈረመበትን ቀንም አየሁ፤ ሐሙስ ነው፣ የተሰበረችው መስታወት ሣጥንዎ ውስጥ በገባች በሦስተኛው ቀን። ወንበሩን ያነሣ እጅ፣ ፊሽካዋን ከመሳቢያ ማውጣት አያቅተውም።