እናቴ ያሰፋችው ሱሪ

እማዬ፣ የኔ ሳጅን፣

ሳሪስ አቦ ከሸኘንሽ አራተኛው ክረምት አለፈ። የጤናሽን ነገር አልጠይቅም፤ እሱን ለአቦ ትተናል። የምነግርሽ የዚህን ወገን ወሬ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን። የጓሮው ግድግዳ ባለፈው ክረምት ተናደና በብሎኬት ሠራነው። ደጃፋችን ያለው የአቧራ መንገድ ኮብልስቶን ሆኗል፤ ከሥራ ስትመጪ ጫማሽን የምታራግፊበትን ድንጋይ ግን ማንም አላነሣውም። ልጅሽ ሳሙኤል ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ገብቷል። የሌሊት ፈረቃ ስለሆነ ቀን ቀን ይተኛል፤ ቤቱን ዝም አሰኝቶታል። ባቡርም መጥቶልናል፤ እስከ ቃሊቲ ይደርሳል። አውቶቡስ ላይ በክርንሽ መንገድ እየከፈትሽ ትገቢ የነበርሽው ሴትዮ፣ ባቡሩ ውስጥም ያው ግፊያ እንዳለ ብነግርሽ ደስ የሚልሽ ይመስለኛል። ልብሶችሽን ለዘመድ አካፍለናል። የደንብ ልብስ ሱሪሽን ግን አልሰጠሁም። ለእኔ ያጥረኛል፣ ቀለሙም ዛሬ ከምንለብሰው ጋር አይሄድም፤ ቢሆንም ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተሰቅሏል።

ዋናው ወሬ ይኸውልሽ፤ ከሦስት ሳምንት በፊት የማረሚያ ቤታችን የጥበቃ ኃላፊ ሆኛለሁ። የሴቶች ዞን ነው ወይ ብለሽ እንደምትጠይቂ አውቃለሁ። አይደለም። የግቢው በሙሉ ነው። የወንዶቹ ዞኖች፣ በሮቹ፣ የእስረኛ እጀባው፣ ማማዎቹ፣ ሁሉም። አንቺ ሦስት ጊዜ ጠይቀሽ ሦስት ጊዜ የተከለከልሽው ቦታ ነው።

ሦስቱንም ጊዜ የሰጡሽ መልስ አንድ ነበር። ሴት አትሾምም ያለሽ ሰው የለም። እንዲህ የሚል መመሪያም አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ የምትከራከሪው ነገር ይኖርሽ ነበር። መመሪያው የሚለው ኃላፊ የሚሆን ሰው በሁሉም የጥበቃ ሥራዎች ላይ ያገለገለ ይሁን ነው። ማማ ላይ ያልቆመ በሁሉም አገለገለ አይባልም። ማማ ላይ ደግሞ ሴት አትመደብም። ለምን ሲባል፣ መሰላሉ ቀጥ ያለ ብረት ነው፣ የሴት የደንብ ልብስ ጉርድ ቀሚስ ነው፣ ከሥር ወንድ ይቆማል፣ ነውር ነው። በቃ። የአንድ መሥሪያ ቤት ሴቶች ኃላፊ እንዳይሆኑ የከለከላቸው ነገር ተፈልጎ ተፈልጎ ሲገኝ የቀሚስ ስፌት ነበር።

ይህን ስብሰባ ላይ ብታነሺ፣ ከወንዶቹ አንዱ፣ «ታዲያ ብርቄ፣ ቀሚስሽን በጥርስሽ ነክሰሽ ልትወጪ ነው?» ብሎ ቤቱን አሳቀው። ማታ ራት ላይ ለእኔና ለሳሙኤል ስትነግሪን አንቺም ስቀሽ ነበር። ስቀሽ ስትጨርሺ ሳህኑን አነሣሽና «ቆይ» አልሽ። ያቺን ቆይ እናውቃታለን። የቀበሌው ሰው አጥራችንን ሊያፈርስ ሲመጣም ያልሽው እሷኑ ነው። አጥሩ እስካሁን አለ።

ያን ጊዜ የደንብ ልብስ ጨርቅ በሜትር ይታደል ነበር፤ ወንዱ ሱሪ፣ ሴቷ ጉርድ ታሰፋለች። የዓመቱን ድርሻሽን ይዘሽ ሳሪስ ገበያው አጠገብ ወዳለው ልብስ ሰፊ፣ ወደ ጋሽ በቀለ ሄድሽ። እኔም አብሬሽ ነበርኩ። ሱሪ ስፋልኝ ስትይው፣ ያወጣውን ሜትር መልሶ አንገቱ ላይ ጣለው።

«ብርቄ፣ የመንግሥት ጨርቅ እኮ ነው። ኋላ እኔን እንዳያስገቡኝ።»

«ምን አስፈራህ? ብትገባም በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።»

ሳቀና ወገብሽን ለካ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም፤ ግን የሰማሁት ካንቺ ብቻ አይደለም። ዛሬም ጡረታ የወጡ ባልደረቦችሽ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ይነግሩኛል፤ ሁሉም ያን ቀን ከጎንሽ ቆመው እንደነበር ይምላሉ። በሱሪ የጠዋት ሰልፍ ላይ ቆምሽ። የያኔው ኃላፊ ፊትሽ መጥተው ከእግር እስከ ራስሽ አይተው፣ «ማን ፈቀደልሽ?» አሉሽ። «መሰላሉ ነው፣ ጌታዬ» አልሻቸው። ሊያሳፍሩሽ ፈልገው፣ «በይ እንግዲያ ማማው ላይ ውጪ!» አሉሽ። ወጣሽ። ፈረቃው እስኪያልቅ ቆመሽ ወረድሽ።

እኔ ያየሁት ይህን ብቻ ነው፦ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከአውራ ጎዳናው ማማው ይታያል። ላዩ ላይ አንድ ዘብ ቆሟል። ከሌሎቹ የሚለይ ነገር አልነበረውም። ግራ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ቲማቲም ተወዶበት እንደሚከራከር ሰው ሲቆም ግን አንቺ መሆንሽን አወቅሁ።

በሳምንቱ የደንብ ልብስ ሥርዓት ጥሳለች ብለው ቀጡሽና ወደ ጠያቂዎች በር አዛወሩሽ። እስከ ጡረታሽ እዚያው ነበርሽ፤ የጠያቂ ሴቶችን ነጠላ ስትፈትሺ፣ የስንቅ ሳህን ስታገላብጪ። ብርቄ በአንድ ሱሪ የሥራ ዕድሏን አበላሸች ይሉ ነበር። ለቅሶሽ ላይ እንኳ አንዱ በሐዘኔታ ብሎታል። ለቅሶ ላይ አይጣሉም ብዬ ተውኩት። አሁን ልመልስለት፤ አላበላሸችም። ካንቺ በኋላ ሌሎች ሴቶች ጨርቃቸውን ይዘው ጋሽ በቀለ ዘንድ ሄዱ። እየበዙ ሲመጡ ሁሉንም ወደ ጠያቂዎች በር መላክ አልተቻለም። ወህኒ ቤት የነበረው ስማችን ማረሚያ ቤት ሲሆን አዲስ የደንብ ልብስ መጣ፤ ለሴትም ሱሪ ተፈቀደ። ያንቺን ስም ያነሣ አልነበረም። እኔ ማማ ላይ የቆምኩት በዚያ ሱሪ ነው፤ የተሾምኩትም ማማ ላይ ስለቆምኩ ነው።

ሱሪው ተፈቀደ እንጂ ምደባው አልተለወጠም ነበር። ማማ የሚደርሳት እንደ እኔ በየዓመቱ የጨቀጨቀች ብቻ ናት። የቀሩት ያው ጠያቂዎች በርና ሴቶች ዞን ናቸው፤ ዕድገት ሲመጣም ያው መልስ ይጠብቃቸዋል።

ሹመቱ ከመነገሩ በፊት አስተዳዳሪው ቢሯቸው ጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሻይ አዘዙልኝ። «ትርሲት፣ ቦታው ያንቺ ነው፣ ይገባሻል። የሴቶቹን ምደባ ግን እንዳለ ተይው። አንቺ ወጣሽ፤ ለጊዜው ይበቃል» አሉኝ።

«ምደባ የማን ሥራ ነው?» አልኳቸው።

«የጥበቃ ኃላፊው።»

«እንግዲያው ስሾም አየዋለሁ» አልኩና ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ። አንቺ ወጣሽ ይበቃል! አንዴ ላይ ከደረስሽ በኋላ መሰላሉን ወደ ላይ ሳቢው ማለታቸው እኮ ነው።

የርክክቡ ዕለት እንግዶች ስላሉ ጉርድ ልበሺ ተባልኩ። በሱሪ ሄድኩ። መሥሪያ ቤቱ ለሴቶች ዕድል ስለሰጠ አመስግኚበት ተብሎ ጽሑፍ ተሰጥቶኝ ነበር፤ አጥፌ ኪሴ ከተትኩትና፣ ይህን ቦታ ከእኔ በፊት ዋና ሳጅን ብርቄ ሦስት ጊዜ ጠይቃለች፣ ያኔ ተሰጥቷት ቢሆን ዛሬ እንግዳ መጥራት ባላስፈለገ ነበር አልኩ። ከኋላ የቆሙት ሴቶች አጨበጨቡ። ወንዶቹም ተከተሉ። አስተዳዳሪው መጨረሻ ላይ አጨበጨቡ።

በማግስቱ አዲሱን ምደባ ለጠፍኩ። ሴቶቹ በየተራ ማማና እጀባ ይገባሉ፤ ወንዶቹም በየተራ ጠያቂዎች በር ይመጣሉ። «እኛ ደግሞ ጠያቂ ያመጣውን ሽሮ ስናማስል ልንውል ነው?» አለ አንዱ። እናቴ ስታማስል ጡረታ ወጣች፣ አንተ አንድ ወር ብታማስል አትሞትም አልኩት። ከሴቶቹም የተቆጣ ነበር። ካንቺ ጋር በሩ ላይ የሠራችው ሳጅን አልማዝ ለብቻዬ ይዛኝ፣ «ትርሲትዬ፣ እኔ ጉልበቴን ያመኛል፤ ጡት የሚያጠቡም አሉ። ሁላችንንም እንደ እናትሽ አታድርጊን» አለችኝ። እውነቷን ነው። እሷን ተውኳት፤ የሚያጠቡትንም ቤታቸው የሚደርሱበት ፈረቃ ላይ አደረግኋቸው። የማይችልና የማይፈቀድለት ግን አንድ አይደሉም፤ ይህን ለእሷም ነገርኳት።

አስተዳዳሪው ሲያዩት ሹመቴን ለሦስት ወር በተጠባባቂነት አደረጉት። ማማው ላይ አንድ ነገር ቢፈጠር ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ አሉኝ። ወንድ ቆሞበትም ተጠያቂው የጥበቃ ኃላፊው ነበር አልኳቸው።

የመጀመሪያው ተራ የደረሳት ኮንስታብል ጫልቱ ናት። አዲስ ቅጥር ነች፤ አባቷ ዛሬ መጋዘን የተሠራበት የአቃቂ መሬት ላይ ያርሱ ነበር። ንብረት ክፍል ሄዳ ሱሪ ስትጠይቅ፣ የሴት ሱሪ አልቋል፣ ጉርድ ነው ያለው አሏት። ለሌላው ሥራ ሁሉ ያላለቀ ሱሪ ለማማ ሲሆን አለቀ። ቢሮዬ መጥታ መሬት መሬት እያየች፣ «ኢንስፔክተር፣ ተራዬን ለሌላ ይስጡልኝ» አለች።

«ቆይ» አልኩ። ከአፌ ከወጣች በኋላ ነው የማን እንደሆነች ያወቅኋት።

በፊርማዬ ሁለት ጉርድ አወጣሁና፣ ፈትቶ ሱሪ እንዲያደርጋቸው ጫልቱን ይዤ ጋሽ በቀለ ዘንድ ሄድኩ። አርጅቷል፤ መነጽሩ ወፍሯል። ጨርቁን በጣቱ ዳሰሰና፣ «ይሄ የመንግሥት ነው» አለ። ነው አልኩት። ጫልቱን አያት።

«ይቺም በሩ ላይ ትቆምልኛለች?»

«አይ ጋሽ በቀለ፣ ይቺስ ማማ ላይ ናት።»

«እንግዲያ ጉልበቱን ሰፋ ላድርገው። የብርቄን አጥብቄባት፣ ማማው ላይ ስትወጣ ተተርትሮ ነበር። እንደወረደች ሮጣ መጥታ፣ ሰው ሳያይ ስፋው አለችኝ።»

ይህን ነግረሽን አታውቂም። ቤት ገብቼ ሱሪሽን አወጣሁ። ግራ ጉልበቱ ላይ ሁለተኛ ስፌት አለ፤ በሌላ ቀለም ክር። ይህን ሁሉ ዓመት እያየሁት አላየሁትም። ያን ቀን እዚያ ላይ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ ስትቆሚ፣ እንዴት እንደምትወርጂ እያሰብሽም ነበር ማለት ነው። ብቻሽን። ሳቅሁ፤ ከዚያ ለጥቂት ጊዜ አልሳቅሁም።

ጫልቱ ትናንት ወጣች። መሰላሉ ሥር ለማየት የተሰበሰቡትን ወደየሥራቸው መለስኩ። ስትወርድ የሱሪዋ ጉልበት ደህና ነበር። ነገ ሌላዋ ትወጣለች፤ ከነገ ወዲያም ሌላዋ።

ሦስት ወሩ ሲያልቅ ሊያወርዱኝ ይችላሉ። ያውርዱኝ። እስከዚያ ግን የወጡት ሴቶች ሁሉ ማማ ላይ አገልግለዋል፤ ያንን ማንም አያወርደውም። ላንቺ የሰጡሽን መልስ ለእነሱ የሚሰጣቸው ካለ፣ ሌላ ምክንያት ይፈልግ።

አንቺን የማስብሽ በዓመት አንድ ቀን፣ በአቦ ብቻ አይደለም። እዚያ ላይ የቆመች ሴት ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የሱሪዋን ጉልበት አያለሁ። ጡረታ እስክወጣ አየዋለሁ።

ልጅሽ ትርሲት