እማማን የማይቀበል ማረፊያ

እትዬዋ፣ እንዴት ነሽልኝ? ያ ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ ወይስ አሁንም ያኮርፍሻል? ባለቤትሽንስ ሳሉ ለቀቃቸው? ትልቁ ልጅሽ በቁመት በልጦሻል አሉ፤ እሱ እንኳ ብዙም አይገርምም፣ አጭር ነሽ። እኔ ደህና ነኝ እንዳልልሽ ፊቴ ይታዘበኛል፤ ግን አለሁ።

በስልክ ያልኩሽ እውነት ነው፣ ወንድምሽን ጥዬው ወጥቼ ነበር። ቅንድቤን የሰነጠቀኝ ዕለት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እጄን ይዛ የተጎዱ ሴቶች ማረፊያ ወሰደችኝ። አይ ቤት! ንጹሕ አንሶላ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር። አማካሪዋም ማር ናት። ምን እንደሚያስፈልገኝ ስትጠይቀኝ «አማቴን አምጡልኝ» አልኳት፤ እናትሽን፣ እማማን።

ሳቀች፣ እትዬ። የቀለድኩ መሰላት። ግማሽ አካላቸው ከደነዘዘ ወዲህ የማገላብጣቸው እኔ መሆኔን፣ እሱ ሲነሳብኝም አልጋቸው ላይ ሆነው ግድግዳውን በምርኩዝ እየደበደቡ ጎረቤት የሚጠሩልኝ እሳቸው መሆናቸውን ነገርኳት። የምንቀበለው ሴቶችንና ልጆቻቸውን ነው አለች። «እሳቸውስ ምንድን ናቸው፣ ቁም ሳጥን?» ብላት እጄን ያዝ አድርጋ፣ «አየሽ፣ ሌላውን ማስቀደም ለምዶብሻል፤ አሁን ስለ ራስሽ እናውራ» አለችኝ። ስለ ራሴ እኮ ነበር የማወራው! የፀጉር ሥራ ሥልጠና አስመዘገበችኝ።

ለእማማ ፈርቼ ብደውልልሽ አንቺም «ወንድሜ እናቱን አይነካም» አልሽኝ። ማመኑ ቀለለኝና አመንኩሽ። ሳምንት ሳይሞላ ልብስ ሰፊዋ እያለቀሰች መጣች፤ ሮጬ ሄድኩ። እትዬ፣ እጁ የሚያርፍበት ቢያጣ እማማ ላይ አርፏል። ምርኩዛቸውን ለሁለት ሰብሮታል። «ሚስቴን ያስኮበለልሽብኝ አንቺ ነሽ» ብሎ ውኃ ከልክሏቸው፣ በሽንታቸው ላይ ተኝተው አገኘኋቸው። ጀርባቸው ቆስሏል። ሲያዩኝ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ምን ልትሠሪ መጣሽ፣ አንቺ ጅል!» ከዚያ እጄን አልለቅ አሉ።

ስለዚህ ተመልሻለሁ። ልብሴን ልወስድ ማረፊያው ብሄድ አማካሪዋ አቅፋኝ «እሱን መተው እንደሚከብድሽ አውቃለሁ» አለች። እሱን! «እማማስ?» ብላት፣ ዘመድ ካላቸው ዘመድ ይውሰዳቸው አለችኝ።

ዘመድ ማለት አንቺ ነሽ፣ እትዬ። መጥተሽ ውሰጃቸው፤ እሳቸው በወጡ ማግስት እኔም እወጣለሁ። እስከዚያ እጁን እኔው ላይ አቆየዋለሁ። የፊት ጥርሴን አንዱን ወስዶታል፤ ስስቅ ትንሿን ልጅሽን መስያለሁ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ትልቁን ልጅ ግንባሩን፣ ጥርሷ የወለቀባትን ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። እማማ ናፍቀውሻል፤ ስትመጪ ምርኩዝ እንዳትረሺ፣ ወፈር ያለ ይሁን ብለዋል።

ከእናትሽ አልጋ ሥር
ኅዳር 12 ቀን